ቁራኛ በግድግዳ ላይ

በቋንቋችን ውስጥ የሰውን ፊት ያህል ብዙ ሸክም የተጫነበት የአካል ክፍል መኖሩ ያጠራጥራል። የተቀበልነውን ሰው ፊት ሰጠነው፥ የገፋነውን ፊት ነሣነው እንላለን። ለምኖ ማደር ምን ያህል እንደሚያቃጥል የቀመሰ ሰው የሰው ፊት እሳት ነው አለ። ዳኛ ሲሾም ደግሞ ፊት አይቶ እንዳያደላ አደራ ይባላል። ነገሩን ልብ ብሎ ለመረመረው በዚህ አነጋገራችን ውስጥ ሁለት የማይስማሙ ትእዛዞች ተቀምጠዋል፤ ፍቅር ፊትን እንድናይ ያዘናል፥ ፍርድ ግን ፊትን እንዳናይ ይከለክለናል። አባቶቻችን ሁለቱን ትእዛዞች ጎን ለጎን ሲያኖሩአቸው ግጭታቸውን ሳያዩት ቀርተው አይመስለንም። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ስለሆኑ አንዱን ለሌላው መሠዋት አልፈለጉም።

በዘመናችን ይህን የቈየ ሙግት ከመጽሐፍ አውጥቶ በየአደባባዩ የሚተውነው አንድ ጥበብ ተነሥቷል። ጥበቡ ፎቶግራፍ ነው፤ ነገር ግን በሳሎን ተሰቅሎ የሚታየው ዐይነት አይደለም። በፖለቲካ የተከፋፈሉ ሰዎች በመንገድ ላይ ቆመው ይነሣሉ፤ ሥዕላቸው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ይታተማል፤ በሕዝብ ፊት በሙጫ ይለጠፋል፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ያያል፥ ያደንቃል፥ ይከራከራል፥ አንዳንድ ጊዜም ይቀድዳል። ስለዚህ ሥራው ከሥዕል ይልቅ ለቴአትር የቀረበ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ተዋናይና ተመልካች አለው፤ ካለቀም በኋላ ከወረቀቱ ቅዳጅ በቀር የሚቀር ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኛም ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰዎች ተለያይተው ባሉበት አገር የአንዱን ፊት በሌላው ፊት ማቆም እውነተኛ መልካም ሥራ ነውን፥ ወይስ ፍርድ የሚገባውን ጉዳይ በፈገግታ መሸፈን ነው? (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ከዚህ ጥበብ ሠሪዎች ይበልጥ የታወቀው በ1983 የተወለደውና ስሙን በሁለት ፊደል ብቻ ጄ.አር. ብሎ የሚጠራው ፈረንሳዊ ነው። በ2004 ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሞንፌርሜይ፥ የስደተኞች ልጆች በሚበዙባቸው ፎቆች ግድግዳ ላይ፥ የወጣቶቹን ሥዕል ያለ ፈቃድ ለጠፈ። ከመካከላቸው አንዱ ኋላ በፊልም ሥራ ስመ ጥር የሆነው ላጅ ሊ ነበር። በሥዕሉ ላይ ጠመንጃ ያነጣጠረ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የያዘው የፊልም መቅረጫ ነው። በዓመቱ በጥቅምት 2005 በአቅራቢያው በክሊሺ ሱ ቧ ሁለት ልጆች ከፖሊስ ሲሸሹ ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገብተው ሞቱ። የሰፈሩ ቁጣ በመላዋ ፈረንሳይ ተዛመተ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም መኪናና ሕንፃ ሲቃጠል ሰነበተ። በዚያ ጊዜ ቴሌቪዥን የሚያሳያቸው ወጣቶች ከሩቅ፥ በጨለማ፥ ፊታቸውን ተሸፋፍነው የሚሮጡ ነበሩ። ሰው ሊፈራቸው እንጂ ሊያያቸው አይችልም ነበር።

ጄ.አር. ባለ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ወደዚያው ተመለሰ። እዚህ ላይ የመሣሪያው ጠባይ ራሱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ስለሚሆን ጥቂት እንቈይበት። ይህ ሌንስ ሰፊ ስፍራ ስለሚይዝ ፊትን ሞልቶ ለማንሣት ፎቶግራፍ አንሺው ከተነሺው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ መቆም አለበት። ከመንገድ ማዶ ተደብቆ መስረቅ አይቻልም፤ መጠጋት፥ መነጋገር፥ መተማመን ግዴታ ነው። ወጣቶቹም ሰው የሚፈራውን መልካቸውን ራሳቸው አጋነው፥ ዐይናቸውን አፍጥጠው፥ ፊታቸውን አጣመው ተነሡ። ሥዕሎቹ ከነስማቸውና ከነዕድሜያቸው በሀብታሞቹ የፓሪስ ሰፈሮች ተለጠፉ። በስውር የተጀመረው ሥራ በመጨረሻ በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ላይ በይፋ ታየ። ማዘጋጃ ቤት የሚያሳድደውን ነገር መልሶ በግድግዳው ላይ ሲሰቅለው ማየት በየትም አገር ያለ ልማድ ነውና አንደነቅበትም።

ሥራው ይበልጥ የሚከብደው ጄ.አር. ማርኮ ከሚባል ባልንጀራው ጋር ሆኖ ይኸንኑ ዘዴ በ2007 ወደ እስራኤልና ወደ ፍልስጥኤም በወሰደው ጊዜ ነው። የሥራው ስም «ፊት ለፊት» ነው። በአንድ ሙያ የሚተዳደሩ አንድ እስራኤላዊና አንድ ፍልስጥኤማዊ ይፈለጋሉ፤ ባለ ታክሲ ከባለ ታክሲ፥ አስተማሪ ከአስተማሪ፥ ወጥ ሠሪ ከወጥ ሠሪ ጋር ይጣመራሉ፤ ራቢ፥ ቄስና ሼኽ ደግሞ ሦስት ሆነው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ለብቻው፥ እንደ ፓሪሶቹ ልጆች ፊቱን አጣሞ ወይም ስቆ ይነሣል። ከዚያም ሥዕሉ ከባላንጣው ሥዕል ጋር ጎን ለጎን በሁለቱም ወገን ከተሞች፥ እንደዚሁም እስራኤል በ2002 መሥራት በጀመረችው የመለያያ ግንብ ላይ ይለጠፋል። ይህ ግንብ ኮንክሪት በሆነበት ስፍራ ስምንት ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት በተያዘው የፍልስጥኤም መሬት ላይ መሠራቱ ከሕግ ውጭ መሆኑን ገልጿል።

ነገሩን ዐውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ ሕዝቡ በቤቱ ግድግዳ ላይ የጠላቱን ፊት አያስለጥፍም ተብሎ ነበር። ነገር ግን በመሰላል ላይ ወጥተው ሙጫ ሲቀቡ የሰበሰቡት ሕዝብ መጀመሪያ የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፤ እነዚህ እነማን ናቸው? ሁለቱም ባለ ታክሲዎች መሆናቸው፥ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ ወገን መሆናቸው ሲነገረው ተመልካቹ ዝም ይላል። የትኛው የእኛ፥ የትኛው የእነርሱ ነው ብለው ለጣፊዎቹ መልሰው ሲጠይቁት ደግሞ፥ ጄ.አር. በኋላ እንደ ተናገረው፥ አብዛኛው ሰው ለይቶ መናገር አይችልም ነበር። የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ሥዕሉ ሳይሆን ያ ዝምታ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በሥዕል አዳራሽ ውስጥ ይህ ዝምታ አይገኝም፤ እዚያ የሚገባው ሰው ቀድሞ ሊያይ ተዘጋጅቶ የመጣ ነውና።

በዚህ ጊዜ የአገራችን የቀድሞ የሙግት ሥርዐት ትዝ ይለናል። ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ፥ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቈራኙ ነበር። አብረው ይሄዳሉ፥ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቢርበው ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። በመንገድም የተከበረ ሰው ቢያገኙ ፍረደን ብለው ያስቆሙታል፤ እርሱም መንገዱን ትቶ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፥ ተጠየቃቸውን ይሰማል። እንግዶች ይህን ሲያዩ እየተገረሙ ጽፈዋል። በመሠረቱ ግን ሥርዐቱ ጥልቅ ሐሳብ አለበት። ሁለት ባላንጣዎች ከሁሉ አስቀድሞ እርስ በርሳቸው ማምለጥ እንደማይችሉ ያውቁ ዘንድ ይታሰራሉ፤ አላፊ አግዳሚውም ጉዳዩ የእኔ አይደለም ብሎ እንዳያልፍ ይያዛል።

በግንቡ ላይ የተለጠፉት ጥንድ ፊቶች በእኛ ዐይን የወረቀት ቁራኞች ናቸው። ሁለቱ ታስረዋል፤ መንገደኛውም ተይዟል። ልዩነቱ፥ ታላቁም ልዩነት፥ የአገራችን ቁራኛ ወደ ዳኛ የሚያደርስ መንገድ ነበረው፤ የወረቀቱ ቁራኛ ግን የትም አያደርስም። በዚያው ግንብ ላይ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ይቆማል።

ይህን በመመልከት አንዳንድ ሰዎች በሥራው ላይ ብርቱ ተቃውሞ ያነሣሉ፤ ተቃውሞአቸውንም በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። በሁለት እኩል ወረቀት ላይ በእኩል መጠን የታተሙ ሁለት ፊቶች፥ ሰዎቹ በእኩል ኑሮ የሚኖሩ ያስመስላሉ። ነገር ግን አንደኛው ባለ ታክሲ በፈለገበት መንገድ ሲነዳ ሁለተኛው በየኬላው ይቆማል። አንደኛው ደግሞ ልጁን አውቶቡስ ላይ ሲያሳፍር ቦምብ ይፈነዳ ይሆን ብሎ ይፈራል። ይህን ሁሉ ፊታቸው አይናገርም። በሥዕል ሁላችን ወንድማማች ነን ማለት ርካሽ ነው፤ የተበደለው ሰው ግን የሚፈልገው ወንድም ሳይሆን ዳኛ ሊሆን ይችላል። በአገራችንም ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሳያጣሩ ተሳሳሙ ሲሉ የተበደለው ወገን ምን እንደሚሰማው የማያውቅ ሰው የለም።

ስለ ፊት ከማንም አብልጦ ያሰበው ፈላስፋ ኤማኑኤል ሌቪናስ ይህ ችግር ተሰውሮት አልነበረም። በ1906 በሊቱዋንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የኖረ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች እጅ ምርኮኛ የነበረ፥ ወላጆቹና ወንድሞቹ በናዚዎች ዘመን የተገደሉበት አይሁዳዊ ነው። በ1961 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ፥ የሌላ ሰው ፊት ከንግግር ሁሉ አስቀድሞ አትግደል ብሎ እንደሚያዝ ያስተምራል። ነገር ግን ሁለት ነገር ጨምሯል። አንደኛው፥ ፊት ማለት የዐይን ቀለምና የአፍንጫ ቅርጽ አይደለም፤ እንዲያውም የሰውን የዐይን ቀለም ሳናስተውል ስንቀር ነው በእውነት የምንገናኘው ይላል። እንግዲህ በእርሱ አነጋገር ፎቶግራፍ የሚያሳየው ከፊት በቀር ሌላውን ሁሉ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፥ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ብንኖር ፊት ይበቃን ነበር፤ ሦስተኛ ሰው ስላለ ግን ማነጻጸር፥ መመዘን፥ ሕግና ዳኛ ያስፈልጋሉ ይላል። አባቶቻችን በሁለት አጫጭር አነጋገሮች ያኖሩትን እርሱ በብዙ ገጽ ደረሰበት።

ያም ሆኖ ትምህርቱ ለራሱም የከበደበት ቀን ነበረ። በ1982 በቤይሩት በሳብራና በሻቲላ ሰፈሮች ፍልስጥኤማውያን ከተጨፈጨፉ በኋላ በራዲዮ ቀርቦ ሳለ፥ ለእስራኤላዊ «ሌላው» ማለት ከሁሉ በፊት ፍልስጥኤማዊው አይደለምን ተብሎ ተጠየቀ። ሌላው ማለት ባልንጀራ ነው፥ ነገር ግን ባልንጀራህ ሌላውን ባልንጀራህን ቢያጠቃስ ማን ትክክል ማን ስሕተተኛ እንደ ሆነ መለየት ይገባል የሚል ዐይነት መልስ ሰጠ። በዚህ መልስ እስከ ዛሬ ብዙዎች ይወቅሱታል። እኛ ለመውቀስ አንቸኩልም፤ የፊት ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ራዲዮ ጣቢያ ሲገባ ምን ያህል እንደሚንተባተብ ማየቱ ግን ይጠቅማል።

እንግዲህ ሥዕሉ ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ድርጊቱስ? ጥበቡን በቴአትርነቱ መመልከት ያስፈልጋል ያልነው ስለዚህ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሬናልዲ ከ2007 ጀምሮ በአገሩ ከተሞች እየዞረ የሠራው ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እርሱ የሚጠቀምበት ካሜራ በሦስት እግር የሚቆም፥ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው የሚያዩበት፥ ለአንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚወስድ የድሮ ዐይነት ትልቅ ካሜራ ነው። በመንገድ የሚያልፉ፥ ፈጽሞ የማይተዋወቁ፥ ብዙ ጊዜ በዘርም በዕድሜም በኑሮም የሚራራቁ ሁለት ሰዎችን ያስቆምና እንደ ዘመዳሞች ተያይዘው እንዲቆሙ ይለምናቸዋል። እጅ በትከሻ፥ ራስ በደረት ላይ ይሆናል። ካሜራው እስኪስተካከል ድረስ እንደዚያው ተያይዘው መጠበቅ አለባቸው። መጀመሪያ ያፍራሉ፥ ይሥቃሉ፥ ሰውነታቸው ይደርቃል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይለሰልሳል። አንዳንዶቹ ከተነሡ በኋላ ለዚያ ለማያውቁት ሰው ያሰቡለት፥ የተጨነቁለት ያህል እንደ ተሰማቸው ተናግረዋል።

ተጠራጣሪ አንባቢ ይህ ትወና እንጂ እውነት አይደለም ይል ይሆናል። እውነት ነው፥ ትወና ነው። ነገር ግን በከተሞቻችን ፎቶ ቤት ገብቶ፥ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውሰት ኮትና ከረባት አጥልቆ፥ ደረቱን ነፍቶ የተነሣ ሰው ሁሉ ተውኗል። ያን ሥዕል ወደ አገር ቤት የላከው ልጅ ዋሽቷል እንላለንን? ሊሆን የሚፈልገውን ሰው ለአንዲት ደቂቃ ሆኖ ታየ፤ እናቱም ሥዕሉን በግድግዳዋ ላይ ሰቅላ፥ ልጁ ባያስበውም፥ በዚያ ሰው አስያዘችው። ሰው ብዙ ጊዜ ወደ መልካም ነገር የሚገባው በማስመሰል በር ነው። የሬናልዲ ሰዎች ያስመሰሉት ፍቅር በዚያች ቅጽበት በአካላቸው ላይ እውነተኛ ሥራ ሠርቷል፤ ከዚያ በኋላ መቈየት አለመቈየቱ የእነርሱ ፈንታ ነው።

ከዚህ አኳያ ስናየው ጄ.አር. በ2018 ለአሜሪካው ለታይም መጽሔት ሽፋን የሠራው ታላቅ ሥዕል ይጐድለዋል። በጦር መሣሪያ ጉዳይ የተከፋፈሉ 245 አሜሪካውያን፥ አዳኞችና መሣሪያ ሰብሳቢዎች፥ ጥይት የመታቸውና ልጆቻቸው የሞቱባቸው፥ የቈሰለ የሚያክሙ ሐኪሞች፥ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሲከራከሩ ይታያሉ። ግን በዚያ አዳራሽ አልተሰበሰቡም፤ በሦስት ከተሞች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተነሥተው ኋላ በመሣሪያ ተገጣጠሙ። የእያንዳንዱን ድምፅ የቀረጸለት መሆኑ ያስመሰግነዋል። ከጠላቶቻቸው ጋር በአንድ ሥዕል ለመታየት መፍቀዳቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ነጠላ ከነጠላ ሳይቈራኝ ቁራኛ የለም። የ«ፊት ለፊት» ጥንዶችም ለየብቻ የተነሡ ናቸው ቢባል ልክ ነው፤ በዚያ ግን የጎደለውን የሞላው በግንቡ ሥር ቆሞ የተከራከረው ሕዝብ ነበር፤ ለመጽሔት አንባቢ አጠገቡ የሚቆም ሰው የለውም።

እስካሁን የተናገርነው ፊቱን ስለሚሰጥና ስለሚለጥፍ ሰው ነው። ፊቱን አላይም ብሎ ስለሚቀድደው ሰውስ? ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ምስክሩም በቱኒዝያ አለ።

በጥር 2011 የቱኒዝያው ፕሬዚዳንት ቤን አሊ ከሃያ ሦስት ዓመት አገዛዝ በኋላ ከአገሩ ሸሸ። በዚያ ዘመን ሁሉ በየሱቁ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየአደባባዩ የሚሰቀል አንድ ፊት ብቻ ነበር፤ እርሱም የእርሱ ነው። በዚያው ዓመት ጄ.አር. ማንም ሰው ፊቱን አስነሥቶ ልኮ፥ ታትሞ ሲመለስለት በሰፈሩ የሚለጥፍበትን ታላቅ ሥራ ጀምሮ ነበር። ወረቀቱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር በመቶ ሠላሳ አምስት ያህል ነው፤ ኋላም በጭነት መኪና ላይ የተሠራ የፎቶ ክፍል በየከተማው ሲዞር፥ ሰልፍ ይዞ የተነሣው ሰው ሥዕሉን በመኪናው ጎን ሲወጣ ተቀብሎ ራሱ ይለጥፈዋል፤ እስከ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ተካፍለውበታል። የቱኒዝያ ፎቶግራፍ አንሺዎችም በዚህ ዘዴ መቶ ያህል ተራ ዜጎችን አንሥተው ፊታቸውን የቤን አሊ ሥዕል በወረደበት ስፍራ፥ በተቃጠሉ የፖሊስ ጣቢያዎችና መኪናዎች ላይ ለጠፉት። ሐሳቡ የተዋበ ነው፤ በአንድ ፊት ፈንታ መቶ ፊት።

ሕዝቡ ግን በአንዳንድ ስፍራ ቀደደው። በዋና ከተማው አሮጌ በር ላይ የተለጠፉት ሥዕሎች ወዲያው ወረዱ። ሰው ተሰብስቦ ተከራከረ፤ የተቃዋሚዎቹ ነገር ባጭሩ ይህ ነበር፤ እነዚህን ማን መረጣቸው? ግድግዳው የእኛ ሲሆን ማን ጠየቀን? ትልቅ ፊት ማየት ሰልችቶናል። በዚህ የሚያዝን ሰው ይኖራል፤ እኛ ግን ከዚያ ዓመት ትርኢት ሁሉ ይህን ከፍ አድርገን እናየዋለን። ሃያ ሦስት ዓመት ከግድግዳው ላይ ምንም ነገር ማውረድ ያልተፈቀደለት ሕዝብ፥ መልካም የሆነውንም ቢሆን ማውረድ መቻሉን ፈትኖ ዐወቀ። በአገራችንም በ1974ና በ1991 ሥርዐት ሲለወጥ ሥዕል ከየመሥሪያ ቤቱ ወርዶ፥ ለጊዜው ምስማሩና በግድግዳው ላይ የቀረው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ሲታይ፥ በዚያ ባዶ ስፍራ ሥር ተቀምጦ የሠራ ሹም ሁሉ ይህን ስሜት በመጠኑ ያውቀዋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት በጥቅምት፥ ምርጫ ሲቃረብ፥ ላ ጉሌት በምትባለው የወደብ ከተማ የቤን አሊ ግዙፍ ሥዕል በድንገት እንደ ቀድሞው ተሰቅሎ ተገኘ። ሕዝቡ ደንግጦ ተሰበሰበ፤ ከዚያም ተቈጥቶ ጎትቶ ጣለው። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ አምባገነንነት ሊመለስ ይችላልና ጥቅምት 23 ቀን ምረጡ የሚል። ሥዕሉን ያሰቀሉት በምርጫ ቅስቀሳ የተሰማሩ ዜጎች ነበሩ። ፊትን መቅደድም እንደ መለጠፍ ሁሉ በአደባባይ የሚፈጸም የዜግነት ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አያስፈልገንም።

ይህን ካልን በኋላ ግን ሌላውን ቅዳጅ ማየት ግዴታችን ነው፤ ያለዚያ በሚመች ምሳሌ ብቻ ተሟግተን ማለፍ ይሆንብናል። ጥቅምት 7 ቀን 2023 የሐማስ ታጣቂዎች እስራኤል ገብተው አንድ ሺሕ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ከገደሉና ሁለት መቶ ኀምሳ ያህል አግተው ከወሰዱ በኋላ፥ ሁለት እስራኤላውያን ሠዓልያን በኒውዮርክ ሆነው የታጋቾቹን ፊት የያዘ ወረቀት አዘጋጁ። በጥቂት ቀን ውስጥ ያ ወረቀት በብዙ የዓለም ከተሞች ግድግዳና ምሰሶ ላይ ታየ። የሚለጥፉ እንደ ነበሩ ሁሉ የሚቀድዱም ተነሡ። በጋዛ በየቀኑ ይሞቱ የነበሩት፥ ቍጥራቸውም ኋላ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር የሆነው ፍልስጥኤማውያን ፊት ለምን በዚህ ምሰሶ አይታይም የሚል ቁጣ ነበራቸው። ሲቀድዱ ሌላው በስልኩ ይቀርጻቸዋል፤ የቀዳጁም ፊት በተራው በዓለም ሁሉ ይበተናል፤ ከሥራቸው የተባረሩም ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ትርኢት ተደረበ፤ የታጋቹ ፊትና የቀዳጁ ፊት።

የቱኒሱን ቀዳጅ ካመሰገንን የኒውዮርኩን እንዴት እንነቅፋለን? ብዙ አስበንበት የደረስንበት ይህ ነው። በቱኒስ የተቀደደው ወረቀት ላይ ያለው ሰው በሕይወቱ በከተማው ውስጥ ይመላለሳል፤ ቅር ቢለው ወጥቶ ከቀዳጁ ጋር መከራከር ይችላል። የታገተ ሰው ግን ያለችው ፊት ያቺው ወረቀት ብቻ ናት፤ ከዚያ ውጭ ፊት ተነሥቷል። በፍርስራሽ ሥር ያለው የጋዛ ሕፃንም እንደዚሁ ነው፤ የእርሱንም ሥዕል ማንም ቢቀድደው ይኸንኑ እንላለን። ፊት በተነሣ ሰው ላይ ደግሞ ፊት መንሣት ከሙግት ያልፋል። በሌላ በኩል፥ ወረቀቱን ከለጠፉት መካከል አንዳንዱ ሐዘኑን ለማሰማት ሳይሆን ማን ይቀድደው ይሆን ብሎ ካሜራውን ደቅኖ የቆመ ነበር። ያ ሰው የታጋቹን ፊት ወጥመድ አድርጎታል፤ ከቀዳጁ ጋር ብናስተያየው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል በእርግጥ መናገር አንችልም። ሁለቱም ያን የታገተ ሰው አላዩትም።

እንግዲህ መጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ ስንመለስ፥ ሥራው ፍርድን በፈገግታ የሚሸፍን ነው የሚለውን ክስ በከፊል እንቀበላለን። ግንቡ አልፈረሰም፤ በ2007 በፊታቸው የተሣቁት ሰዎች ልጆች የኖሩበት ጦርነት ከአባቶቻቸው ዘመን የከፋ ሆነ። ጥበብ ጦርነትን ያስቀራል ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ይንቃል። ነገር ግን ዳኛ ባይኖርም መቈራኘቱ ከንቱ ነው የሚለውን አንቀበልም። ዳኛ ሳይገኝ ብዙ መንገድ አብረው የሚሄዱ ባላንጣዎች አሉ። በዚያ መንገድ ላይ አንዱ ሲያነክስ ሌላው ዝግ ብሎ ይራመዳል፥ ባይወድም፤ ነጠላው ይስበዋልና። ይህ ዕርቅ አይደለም፥ ፍርድም አይደለም። ለሁለቱም ግን ሰውን በአካል ያለማምዳል፤ ፊት ማየትን ፈጽሞ የተወ ሕዝብም ዳኛው የመጣ ቀን የሚያቀርበው ባላንጣ የለውም፥ የሚያቀርበው ጭራቅ ብቻ ነው። ዳኛም በጭራቅ ላይ አይፈርድም፤ ያስገድለዋል እንጂ።

በመስከረም 2017 ጄ.አር. በሜክሲኮ ወገን፥ ቴካቴ በምትባል ከተማ አጠገብ፥ አንድ ዓመት የሆነው ሕፃን የድንበሩን አጥር በሁለት እጁ ይዞ ወደ አሜሪካ ሲያጮልቅ የሚያሳይ ሃያ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሥዕል አቆመ። የሕፃኑ ቤት ከዚያው ነበር። ሥዕሉ ሊወርድ ሲል፥ በጥቅምት 8 ቀን፥ አጥሩን ተሻግሮ የሚቀጥል አንድ ረጅም ጠረጴዛ በሁለቱም አገር ተዘረጋ፤ በጠረጴዛው ላይ በሕፃንነቷ ወደ አሜሪካ የገባችና የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት የአንዲት ወጣት ሁለት ዐይኖች ታትመው ነበር፤ አንዱ ዐይን በሜክሲኮ አፈር፥ ሁለተኛው በአሜሪካ። ሰዎች በሁለቱም ወገን ተቀምጠው ከአንድ ምግብ በሉ፤ ሙዚቀኞቹም ግማሾቹ በዚህ ግማሾቹ በዚያ ሆነው ተጫወቱ። ፖሊስ መጥቶ ይበትነናል ብለው ፈርተው ነበር። ከአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች አንዱ ግን ወደ አጥሩ ቀረበ፤ ጄ.አር. በአጥሩ ማዶ ሆኖ የሻይ ብርጭቆውን አነሣ፤ ጠባቂውም የራሱን አንሥቶ አብሮት ጠጣ። በማግስቱ ጠረጴዛው አልነበረም፤ አጥሩ በስፍራው ነበር።